ሽቦ፣ ሲባጎና አንድ ጥሩ ዛፍ

ልጆች ሳለን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ሲያስቸግር መፍትሔው የታወቀ ነበር። አንዱ ጣራ ላይ ይወጣና ሽቦ ይዘረጋል፤ የሽቦው ሌላ ጫፍ በመስኮት ገብቶ የሬዲዮው አንቴና ላይ ይጠመጠማል። ከውስጥ ያለው “በቃ! እዚያው ላይ ተወው!” ብሎ ይጮኻል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያው ሽቦ ነው። ልዩነቱ፣ የዛሬው ሽቦ ሰምቶ ዝም አይልም፤ ይመልሳል።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አየሩ ሲፈቅድ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የጀርባ ቦርሳ አንግቤ ወደ መናፈሻ እወጣለሁ። ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ሲባጎና አንድ ፔርሙስ ሻይ አለ። ወደ አማተር ሬዲዮ አዲስ የገቡ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?” ብለው ነው። ስለ ሽቦው የሚጠይቀኝ የለም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ባለ 5 ዋት ሬዲዮን ከባለ 100 ዋቱ የሚለየው 13 ዴሲቤል ነው፤ በሚሰማዎት ሰው ሬዲዮ መለኪያ ላይ ከ2 ነጥብ ብዙም የማይበልጥ። መሬት ላይ የተጋደመ ሽቦን አንስቶ 8 ሜትር ላይ መስቀል ያንኑ ያህል ሊመልስልዎ ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ የሲባጎ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን ለጊዜው ይተዉት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብዎ። ያኤሱ ኤፍቲ 818 ይሁን አይኮም አይሲ 705 ወይም ኤሌክራፍት ኬኤክስ 2፣ ሁሉም ከጥሩ ሽቦ ጋር ሲገናኙ ይናገራሉ፤ ከመጥፎ ሽቦ ጋር ሁሉም ዲዳ ናቸው።

ፈቃዱን በአጭሩ

አሜሪካ ውስጥ ማዳመጥ ፈቃድ አይጠይቅም፣ መናገር ይጠይቃል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን የአማተር ፈቃድ ሲሰጥ ዜግነት አይጠይቅም። የሌላ አገር መንግሥት ወኪል ያልሆነና በአሜሪካ ውስጥ የፖስታ አድራሻ ያለው ሁሉ መፈተን ይችላል። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሺያን ይባላል፤ 35 ጥያቄዎች አሉት፣ 26 የመለሰ ያልፋል። ለኮሚሽኑ የሚከፈለው 35 ዶላር ነው፤ ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ቴክኒሺያን በአጭር ሞገድ ላይ በድምፅ መነጋገር የሚችለው ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ብቻ ነው። ጀነራል የሚባለውን ሁለተኛ ፈተና ያለፈ ግን ከ14.225 እስከ 14.350 እና ከ7.175 እስከ 7.300 ሜጋኸርዝ ያሉት ሰፋፊ በሮች ይከፈቱለታል። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን እንዲፈተኑ እመክራለሁ፤ የጥናቱ ግማሽ የሚደጋገም ነውና።

ኢትዮጵያ ላሉ አንባቢዎች መጀመሪያ የሚንኳኳው በር አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክበብ ነው፤ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ያለ ፈቃድ አያሰራጩ። ሽቦውን ሠርቶ ለማዳመጫ መስቀል ግን ጥሩ ልምምድ ነው፤ ጥሩ የሚናገር ሽቦ ጥሩ የሚሰማም ነው።

ስንት ሜትር?

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 300ን ለሜጋኸርዙ ቢያካፍሉት የሞገዱን ርዝመት በሜትር ያገኛሉ። ለ14.28 ሜጋኸርዝ 21 ሜትር ይሆናል። እኛ የምንፈልገው የዚህን ግማሽ ነው። እውነተኛ ሽቦ ጫፍ ስላለው ከግማሹም ጥቂት ያጥራል፤ ስለዚህ በተግባር የምናካፍለው 143ን ነው። 143 ለ14.28 ሲካፈል 10 ሜትር ከ1 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ቴክኒሺያን ከሆኑ 143ን ለ28.4 ያካፍሉ፤ 5 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከአንድ ክፍል ስፋት ብዙም የማይበልጥ።

ማሲንቆ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክሩ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል። ሽቦውም እንዲሁ ነው፤ ሲያሳጥሩት የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲያስረዝሙት ይወርዳል። ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልግዎትም።

የመጀመሪያው አንቴና ዳይፖል ይሁን

የተዘጋጀ አንቴና መግዛት ይቻላል። ነገር ግን አንዱን በገዛ እጅዎ ቢሠሩ ሜዳ ላይ ሲበጠስ አይደነግጡም። ዳይፖል ማለት መሐሉ ላይ የተቆረጠ የግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። አንዱ ክንድ ከኮአክሲያል ገመዱ መሐል ሽቦ ጋር፣ ሌላው ክንድ ከዙሪያው መረብ ጋር ይገናኛል። በቃ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቀጭን፣ ተጣጣፊና ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ 11 ሜትር፣ የሬዲዮውን ኮኔክተር የሚመጥን ጫፍ ያለው 8 ሜትር ቀጭን ኮአክስ፣ 40 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት የድንኳን ካስማ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ሶልደር ማድረጊያ፣ ሜትር። ቀጭኑ አርጂ 316 የተባለው ኮአክስ በ8 ሜትር ላይ 1 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ይህን ኪሳራ እቀበለዋለሁ። ሬዲዮውን መኪና አጠገብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ወፍራሙን አርጂ 58 ይውሰዱ።

ለመሐሉ ማያያዣ አሮጌ የፕላስቲክ መክተፊያ ይፈልጉ፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ ይበቃል። አምስት ቀዳዳ ይብሱበት። አንዱ ከላይ ለመስቀያው ሲባጎ፣ ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ። ሽቦው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ይወጣና ከዚያ በኋላ ነው ከኮአክሱ ጋር ሶልደር የሚደረገው። ይህች ዙር ትንሽ ትመስላለች፤ ነፋስ ሽቦውን ሲጎትተው ጉልበቱን የሚሸከመው ፕላስቲኩ እንጂ ሶልደሩ እንዳይሆን የምታደርገው ግን እሷ ናት። ኮአክሱንም በሲባጎ ፕላስቲኩ ላይ አጥብቀው ይሰሩት፤ ያለዚያ የገመዱ ክብደት አንድ ቀን ነቅሎት ይወርዳል። ብየዳውን በናስትሮ ጠቅልለው ውሃ እንዳይገባው ያድርጉ። ኮአክስ ውሃ ከጠጣ አይድንም።

አሁን ክንዶቹን ይቁረጡ። እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ሳይሆን 5 ሜትር ከ20 ይሁኑ። “አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ” የሚለው አባባል የወጣው ለአናጺ ቢሆንም እኔን ነው የሚመለከተኝ፤ የመጀመሪያውን ዳይፖሌን ሳልሰቅል በሒሳብ ብቻ ቆርጬ፣ ቀጥሎም “ትንሽ ልቀንስ” ብዬ ቆርጬ፣ በመጨረሻ ቅጥያ ስበይድለት ውዬአለሁ። ረጅም ሽቦ ይታጠፋል፤ አጭር ሽቦ ግን አይሳብም። የክንዶቹ ጫፍ ላይ ቀለበት ሠርተው ሲባጎ ይቋጥሩበት። ሲባጎው ናይለን ወይም ጥጥ ይሁን፣ ሽቦ ያለበት አይሁን።

ዛፉ ላይ ማውጣት

የጀማሪ ቀን የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ልዘግይበት።

ዛፍ ሲመርጡ የሚያዩት ቁመቱን ሳይሆን ባላውን ነው። ከ8 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ከሥሩ ብዙ ቅጠል የሌለበት፣ ዙሪያው ገለጥ ያለ ጠንካራ ቅርንጫፍ ይፈልጉ። ጥድ ያምራል፣ ግን ሲባጎ ይውጣል። ከሁሉ በፊት ወደ ላይ ቀና ብለው የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለ ያረጋግጡ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሽቦው ወይም ምሰሶው በማንኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ እንኳ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ካልሆነ ሌላ ዛፍ ወይም ሌላ መናፈሻ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የምወረውረው ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ነው፤ ዛፍ ቆራጮች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ጠጠር የሞሉት አሮጌ ካልሲም ይሠራል። ድንጋይ በቀጥታ አይሰሩ፤ ሲወርድ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ሲባጎውን ከመወርወርዎ በፊት ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፈትተው ባልዲ ውስጥ ወይም ንጹሕ ሣር ላይ ልል አድርገው ይከምሩት። ከጥቅሉ እየተፈታ የሚሄድ ሲባጎ ከረጢቱን አየር ላይ ይዞ ያስቀረዋል።

አወራወሩ ከወንጭፍ ጋር አይመሳሰልም። ጭንቅላት ላይ አያሽከርክሩት። ከረጢቱን ከጉልበትዎ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርገው በእግሮችዎ መካከል ወደ ኋላና ወደ ፊት ሁለት ጊዜ ያወዛውዙት፤ በሦስተኛው ፊት ለፊት ሲመጣ ይልቀቁት። ዓይንዎ ባላው ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቀን አሥር ጊዜ ይስታሉ። ሰው ቆሞ ያያል፤ አንድ ልጅ “ምን ትፈልጋለህ፣ ድሮንህ ነው የተያዘው?” ብሎኝ ያውቃል። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት ሙከራ ያልፋል።

ከረጢቱ ቅርንጫፉን ተሻግሮ ሲወርድ ፈትተው የአንቴናውን መሐል ማያያዣ ይሰሩና በሌላው በኩል ይሳቡ። ሲሳብ ኮአክሱ አብሮ ይወጣል። ሲባጎውን ከግንዱ ጋር በሰው ቁመት ላይ ይሰሩት። ከዚያ ሁለቱን ክንዶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንደ ጎጆ ጣራ አዘቅዝቀው ጫፎቻቸውን በሲባጎ ከካስማ ጋር ያያይዙ። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይጥበብ፤ 120 ቢሆን ደስ ይላል። የሽቦው ጫፍ ራሱ ከመሬት ቢያንስ ከሰው እጅ በላይ፣ 2 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል። መሬት የሚነካው ሲባጎው ነው። ሲባጎውን በጣም አያጥብቁት፤ ዛፍ ይወዛወዛል።

ዛፍ ማሰር የሚከለክሉ መናፈሻዎች አሉ። ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ከከለከሉ ደግሞ የሚተጣጠፍ የፋይበርግላስ ምሰሶ መፍትሔ ነው፤ 10 ሜትሩ ተዘግቶ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሲገዙ ካርቦን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሽቦዎን ያበላሽብዎታል።

ለክቶ መቁረጥ

ኤስ ደብሊው አር የሚባለው ቁጥር፣ ወደ ሽቦው ከላኩት ኃይል ምን ያህሉ ፊቱን አዙሮ እንደተመለሰ ይነግራል። 1 ላይ ምንም አልተመለሰም። 2 ላይ የተመለሰው 11 በመቶ፣ 3 ላይ 25 በመቶ ነው። ከ2 በታች ከሆነ አይጨነቁ። ከ1.5 ወደ 1.1 ለማውረድ አንድ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ፤ ያንን ሰዓት ቢናገርበት ይሻለው ነበር።

ለመለካት ናኖ ቪኤንኤ የተባለችው ትንሽ መሣሪያ ከ100 ዶላር በታች ትገኛለች። ሬዲዮው ራሱ መለኪያ ካለውም ይበቃል። ከ13 እስከ 15 ሜጋኸርዝ ያስቃኟትና ቁጥሩ በጣም ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይመልከቱ። እንበል 13.6 ላይ ወረደ። እርስዎ የሚፈልጉት 14.28 ነው። ያለዎትን ጠቅላላ ርዝመት 10.4 ሜትር በ13.6 አባዝተው ለ14.28 ያካፍሉ፤ 9 ሜትር ከ90 ይመጣል። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር ይቀነስ፣ ከየክንዱ 25። ከቀመሩ 10 ሜትር ያነሰው ሽቦው ፕላስቲክ ስለለበሰ ነው፤ ልባሱ ሞገዱን ጥቂት ያዘገየዋል።

ሆኖም 25ቱንም በአንዴ አይቁረጡ። 15 ቆርጠው እንደገና ይስቀሉና ይለኩ። የቀረውን ወደ ኋላ አጥፈው ከራሱ ሽቦ ጋር ቢያጠማዝዙት የተቆረጠ ያህል ይሆናል፤ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ላይ ፈትተው ያስረዝሙታል። እርጥብ መሬት፣ ደረቅ መሬት፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ሁሉም ቁጥሩን ጥቂት ያንቀሳቅሱታል። ሁለቱ ክንዶች እኩል መሆናቸውን ግን በየጊዜው ጎን ለጎን አድርገው ያረጋግጡ።

አንድ ዛፍ ብቻ ሲኖር

ዳይፖል ሲለምዱት አንድ ችግሩ ይታይዎታል፤ ኮአክሱ ከመሐል ይንጠለጠላል፣ አንድ አንቴና በዋናነት በአንድ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይሠራል። እኔ ዛሬ በቦርሳዬ የምይዘው ከጫፉ የሚመገበውን የግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። 20 ሜትር ከ30 ገደማ የሆነ አንድ ሽቦ፣ አንዱ ጫፍ ዛፉ ላይ፣ ሌላው ጫፍ እግሬ ሥር። ለ7 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ ስለሆነ ለ14 ሙሉ፣ ለ21 አንድ ተኩል፣ ለ28 ሁለት ሞገድ ይሆናል። አራት ባንድ፣ አንድ ሽቦ።

ነገር ግን ሽቦ በመሐሉና በጫፉ አንድ ዓይነት አይደለም። መሐሉ ላይ ጅረቱ ብዙ፣ ቮልቴጁ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ 50 ኦም ከሚፈልገው ሬዲዮ ጋር በቀላሉ ይስማማል። ጫፉ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ወደ 2,500 ኦም ይጠጋል። በሁለቱ መካከል አስታራቂ ያስፈልጋል፤ እሱም 49 ለ1 የሚባለው ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። 50 በ49 ሲባዛ 2,450።

መሥራት ከፈለጉ ኤፍቲ 140-43 የሚባል የፌራይት ቀለበት ይግዙ። ሞተር የሚጠመጠምበትን ዓይነት ባለ ልባስ የመዳብ ሽቦ ይውሰዱና በአንደኛው በኩል 2 ዙር፣ በሁለተኛው 14 ዙር ይጠምጥሙ፤ 14 ለ2 ሲካፈል 7፣ 7 በ7 ሲባዛ 49። የሁለቱ ዙር ሽቦ ከ14ቱ የመጀመሪያ ሁለት ዙሮች ጋር አብሮ ተገምዶ ይጠመጠማል። 7 ዙር ሲደርሱ በቀለበቱ ውስጥ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገሩና የቀሩትን 7 ይቀጥሉ። ዙር የሚቆጠረው ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በኮኔክተሩ ሁለት እግሮች መካከል 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይበየድበታል፣ ከፍ ያሉትን ባንዶች ለማስተካከል። ከ5 እስከ 10 ዋት ለሚጠቀም ሰው ይህ መጠን ይበቃል። 100 ዋት ካስገቡበት ቀለበቱ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ባሕርዩን ይለውጣል።

ከትራንስፎርመሩ የመሬት በኩል 2 ሜትር ያህል ሽቦ አውጥተው ሣሩ ላይ ይጣሉት። ይህን ባያደርጉ ጅረቱ የኮአክሱን ውጪ ተከትሎ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፤ ማይክሮፎኑ ከንፈርዎን “ሲነክስ” ያውቁታል። ኮአክሱን ሬዲዮው አጠገብ በሌላ የፌራይት ቀለበት ላይ 8 ወይም 10 ዙር መጠምጠምም ያግዛል።

ስለ ቮልቴጁ አንድ ነገር። በ5 ዋት እንኳ ከጫፉ ላይ 110 ቮልት ገደማ ይኖራል፤ በ100 ዋት ወደ 500 ይጠጋል። አይገድልም ይባል ይሆናል፣ ቆዳ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ዝቅ ያለው ጫፍ ሕፃናትና ውሻ በማይደርሱበት ይሁን። ሲባጎዎቹ ላይ ደማቅ ጨርቅ ይሰሩ፤ በመናፈሻ ውስጥ ብስክሌት ይበዛል። ነጎድጓድ ሩቅም ቢሆን ከተሰማ ኮአክሱን ነቅለው ይሂዱ።

የዘፈቀደ ርዝመት ሽቦ ከ9 ለ1 ትራንስፎርመርና ከማስተካከያ (ቲዩነር) ጋር የሚጠቀሙም አሉ። 8 ሜትር ከ80 የሚሆነው በጣም የተለመደ ነው። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው፤ እኔ አልወደውም።

ወዴት፣ መቼ

ከፍታ አቅጣጫን ይወስናል። የ40 ሜትር ባንድን፣ ማለት የ7 ሜጋኸርዙን፣ ሽቦ ከ4 እስከ 6 ሜትር ላይ ቢሰቅሉ ኃይሉ በአብዛኛው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እንደ ዝናብ ዙሪያዎን ይወርዳል። ከቨርጂኒያ ሆኖ ፔንሲልቬንያንና ኖርዝ ካሮላይናን ለማነጋገር ይህ ጥሩ ነው። የ20 ሜትሩን ባንድ፣ የ14 ሜጋኸርዙን፣ ደግሞ 10 ሜትር ላይ ካወጡት ሞገዱ ዝቅ ብሎ ይወጣና ሩቅ ይዘላል። ቀን ቀን 20 ሜትር፣ ከመሸ በኋላ 40 ሜትር፤ ለጀማሪ ይህች ትበቃለች።

“ወደ አገር ቤት አቅጣጫ ልስቀለው” ለሚል ሰው ቁጥሩን ላስቀምጥ። ከዋሽንግተን ዲሲ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አጭሩ መንገድ የሚወጣው ከእውነተኛው ሰሜን 66 ዲግሪ፣ ማለት ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ነው። በካርታ ላይ ደቡብ ምሥራቅ ትመስላለች፣ ምድር ግን ክብ ናት። ዳይፖል ኃይሉን የሚልከው ወደ ጎኑ ስለሆነ፣ ሽቦው ራሱ ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ይዘርጋ። በአሜሪካው ክረምት ጊዜ ዲሲ ቀትር ሲሆን አዲስ አበባ በአገሯ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ የባሕር ማዶው መንገድ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ። ይህን ሁሉ ብያለሁ፣ ግን ሽቦው ዝቅ ያለ ከሆነ አቅጣጫ የማይረባ ወግ ነው። ከ5 ሜትር በታች ያለ ዳይፖል በ20 ሜትር ባንድ ወደ ሁሉም ጎን ይናገራል።

ፓርክስ ኦን ዘ ኤር የተባለው እንቅስቃሴ መናፈሻ ውስጥ ሆነው የሚደውሉትን ያበረታታል። ከአንድ መናፈሻ በአንድ ቀን 10 ሰው ካነጋገሩ መናፈሻው “ተነሥቷል” ይባላል። ቀኑ የሚቆጠረው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ አሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር፣ በክረምት ከምሽቱ 7 ሰዓት፣ በበጋ 8 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ዘጠነኛው ላይ ሰዓቱ ያለቀብኝ ቀን አለ።

ለአነስተኛ ኃይል ድምፅ 14.285 የተለመደ መገናኛ ነው። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያዳምጡ፣ ከዚያ ቦታው የተያዘ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ዝም ካለ “ሲኪው” (የሚሰማኝ ይመልስ) ብለው ይጥሩ። የጥሪ ምልክትዎን በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ መጨረሻ በእንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ነው። ሌላው ንግግር ግን በየትኛውም ቋንቋ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች ተገናኝተው ምልክታቸውን ሰጥተው ቢያበቁ፣ “እንደምን ዋሉ፣ ቡናው ደረሰ ወይ” ቢባባሉ ሕጉ ምንም አይላቸውም።

ማውረድ

ሲጨርሱ መጀመሪያ ሬዲዮውን ያጥፉ፣ ኮአክሱን ይንቀሉ፣ ከዚያ ካስማዎቹን። ሲባጎውን ከቅርንጫፉ ላይ ሲስቡ የሚወጣው ጫፍ ላይ ቋጠሮ እንዳይኖር፤ ቋጠሮ በባላ መካከል ይሰነቀራል። ከተያዘ በኃይል አይጎትቱት፣ ተለጥጦ ሲለቀቅ ከረጢቱ ፊት ላይ ይመጣል። ሲባጎውን ላላ አድርገው እያወዛወዙ ከሌላ አቅጣጫ ይሞክሩ። አልለቅ ካለ እጅዎ እስከደረሰበት ቆርጠው ይውሰዱ፤ እኔ አንድ ካልሲ ለአንድ ኦክ ዛፍ ትቼለታለሁ።

ሽቦውን በክርንና በአውራ ጣት ዙሪያ አይጠምጥሙት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ሆኖ ይጠብቅዎታል። ከዚያው ከመክተፊያው ሁለቱ ጫፎቹ ባላ የሆኑ ማጠንጠኛ ይቁረጡና በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያመላለሱ ያጠንጥኑ፤ ከዛፉ በኩል ያለውን ጫፍ መጨረሻ ላይ፣ ሲፈቱ መጀመሪያ እንዲወጣ። ሲባጎው ለብቻው፣ ሽቦው ለብቻው። ካስማዎቹን ቆጥረው ይመልሱ፤ ሣር ውስጥ የቀረ ካስማ የሣር ማጨጃ ምላጭ ይሰብራል። ሲባጎው እርጥብ ከሆነ ቤት ሲደርሱ ከቦርሳው አውጥተው መታጠቢያ ቤት ዘርግተው ያድርቁት።